የተሸነፈ ፓርቲ ምን ይማራል? የጅቡቲ የምርጫ መዝገብ ታሪክ (1958–1977)

የጅቡቲን ከተማ ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለከተ ሰው፣ ሰፈሮቹ በስም ሳይሆን በቁጥር መጠራታቸው ሳያስገርመው አይቀርም። ካርቲየ 1፣ ካርቲየ 2፣ ካርቲየ 3 እያሉ ይቀጥላሉ። «ካርቲየ» በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ነው። ፈረንሳዮች ከተማውን ሲቆረቁሩ ነፋሻውን የባሕር ዳር አምባ ለራሳቸው ያዙ፤ ለአገሬው ሰው ደግሞ ዝቅ ያለውን ሜዳ በቀጥታ መስመር ከፋፍለው ቁጥር ሰጡት። በሐሙዲ መስጊድና በአሮጌው ገበያ አካባቢ ከሚጀምሩት ከእነዚህ ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ 2 ነው። ሕዝቡ ግን የአገሬውን ከተማ በጠቅላላው «መጋላ» ይለዋል። ድሬዳዋን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ቃል እንግዳ አይሆንበትም፤ ቃሉም ሰዉም በዚያው የባቡር መስመር ሲመላለሱ የኖሩ ናቸውና።

እንግዲህ በካርቲየ 2 የሚኖር ሰው ሰፈሩ ቁጥር አለው፤ መንገዱም ቁጥር አለው። እሱ ራሱ ግን በምርጫ መዝገብ ላይ ተቆጥሯል ወይ? የጅቡቲን የፖለቲካ ፓርቲዎች ታሪክ ለሃያ ዓመታት ያህል የወሰነው ይህ ጥያቄ ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ስናስተምር ምርጫን የምናነሣው አብዛኛውን ጊዜ በውጤቱ ነው፤ እገሌ አሸነፈ፣ እገሌ ተሸነፈ፣ በዚህን ያህል ድምፅ ተበላለጡ እንላለን። መራጩ ማን እንደ ነበረ፣ ከአንዱ ምርጫ እስከ ሌላው ምን ያህል እንደ ተለወጠ ግን እምብዛም አንጠይቅም። የጎረቤታችን የጅቡቲ ታሪክ ይህን ጉድለት ለማረም የሚረዳ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

የመጀመሪያው ሽንፈት፤ 1958

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ ሶማሊላንድ (የያኔዋ ጅቡቲ ስሟ ይህ ነበር) ሁለት ፖለቲከኞች ጎልተው ወጡ። አንደኛው በፈረንሳይ ባሕር ኃይል ያገለገለው ማሕሙድ ሐርቢ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ1952 ጀምሮ ግዛቲቱን ወክሎ በፓሪስ የላይኛው ምክር ቤት የተቀመጠው ሐሰን ጉሌድ አብቲዶን ነበር። ሁለቱም ሶማሌዎች ነበሩ፤ ግን ተቀናቃኞች ነበሩ። በ1956 ሐርቢ ጉሌድን አሸንፎ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ፤ በ1957 ደግሞ የእርሱ ፓርቲ፣ የሪፑብሊካን አንድነት፣ የግዛቲቱን ምክር ቤት ምርጫ አሸነፈ። ሐርቢም የመንግሥቱ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር ሆነ፤ ሊቀ መንበሩ ፈረንሳዊው አገረ ገዥ ነበርና ይህ ለአገሬው ሰው የተከፈተው ከፍተኛው ወንበር ነበር።

መስከረም 28 ቀን 1958 ጄኔራል ደጎል በቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ ሕዝበ ውሳኔ አደረገ። «እሺ» ያለ ግዛት በፈረንሳይ ማኅበረሰብ ውስጥ ይቆያል፤ «እምቢ» ያለ ወዲያው ነፃ ይወጣል። በምዕራብ አፍሪካ የጊኒው ሴኩ ቱሬ እምቢ በሉ ብሎ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ያህል ተከተለው። በኒጄር ጂቦ ባካሪ ያንኑ ብሎ ተሸነፈ። በጅቡቲም ሐርቢ እምቢ በሉ ሲል፣ ጉሌድ ደግሞ እሺ በሉ አለ። ከመራጩ 75 በመቶ ያህሉ እሺ አለ።

በዚያን ጊዜ በምርጫ መዝገብ ላይ የነበረው ሰው ወደ 16 ሺህ ገደማ ብቻ እንደ ነበር እናስተውል። የሐርቢ ደጋፊ በአብዛኛው በመጋላ የሚኖረው ሶማሌ ነበር፤ የወደብ ሠራተኛው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ትንሹ ነጋዴ። አፋሩና አውሮፓዊው፣ ከሶማሌውም ከፊሉ፣ በሌላው ወገን ተሰለፈ። ምክር ቤቱ ፈርሶ በኅዳር ወር በተደረገው ምርጫ የሐርቢ ፓርቲ ከሥልጣን ወረደ፤ ጉሌድ ወንበሩን ያዘ። ሐርቢ ወደ ውጭ አገር ወጥቶ ትግሉን ሲቀጥል በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ዛሬ በመጋላ መግቢያ ያለው አደባባይ በስሙ ይጠራል።

ሁለተኛው ሽንፈት፤ 1967

የሐርቢ ዓላማ ከሐርቢ ጋር አልሞተም። የሕዝባዊ ንቅናቄ ፓርቲ የሚባል ድርጅት ተነሣና በ1962 ሙሳ አሕመድ ኢድሪስ የሚባለውን እጩውን ለፓሪስ ሸንጎ አስመረጠ። በዚያን ጊዜ በሥልጣን ላይ የነበረው፣ ከ1960 ጀምሮ የመንግሥቱ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር የሆነው አፋሩ ዓሊ ዓሬፍ ቡርሃን ነበር።

የፈረንሳይ አስተዳደር ከ1962ቱ ምርጫ አንድ ነገር ተረዳ፤ ከተማው እያደገ ነው፣ የከተማው መራጭ ደግሞ ሶማሌ ነው፣ ነገሩ በዚህ ከቀጠለ ድምፁ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1963 የዜግነት ሕግ ለዚያች ግዛት ብቻ ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ አንድ ልጅ በጅቡቲ ምድር መወለዱ ብቻ እንደ ቀድሞው ዜግነት አያስገኝለትም። በወረቀት ላይ ሕጉ ሁሉንም የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ለወደቡና ለባቡሩ ሥራ ብሎ ወላጁ ከወሰን ማዶ የመጣ ሰው የሚበዛው በመጋላ ነውና ጫናው የወደቀው በዚያው ላይ ነበር። በካርቲየ 2 የተወለደ ልጅ፣ አድጎ ለሥራ ሲደርስ፣ ለአገሩ ባይተዋር ሆኖ ሊገኝ ይችል ነበር ማለት ነው።

በነሐሴ 1966 ደጎል ጅቡቲ ሲገባ ነፃነት የሚጠይቅ ሰልፍ ተቀበለው፤ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ደጎል ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተሻግሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንግዳ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ አዲስ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚደረግ ተገለጸ። እስከዚያው ድረስ በከተማው ዙሪያ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሽቦ አጥር ተዘረጋ። ወረቀት የሌለው ሰው ወደ ከተማው እንዳይገባ ተከለከለ፤ በከተማው የተገኘውም በብዙ ሺህ እየተያዘ ወደ ወሰን ተባረረ። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰው በኬላው አጠገብ ጎጆውን ቀለሰ፤ ዛሬ ትልቅ ከተማ የሆነችው ባልባላ እንዲህ ተጀመረች።

መጋቢት 19 ቀን 1967 ድምፅ ሲሰጥ 60.6 በመቶው ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን፣ 39.4 በመቶው መለየትን መረጠ። በመዝገቡ ላይ የነበረው መራጭ ወደ 39 ሺህ ደርሶ ነበር፤ ከእነዚህም የሚበዙት አፋሮች ነበሩ፤ ከተማው ግን በሶማሌ የተሞላ ነበር። በማግሥቱ የአገሬው ሰፈሮች በወታደርና በሽቦ ተከበቡ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ማባረሩም ቀጠለ። በዚያው ዓመት የሕዝባዊ ንቅናቄ ፓርቲ ፈረሰ፤ የግዛቲቱም ስም የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት ተባለ።

ሁለቱ ጥያቄዎች

የተሸነፈ ወገን ሁሉ ቶሎ የሚመጣለት መልስ «ተጭበረበርን» የሚለው ነው። በ1967 ይህን ያለ ሰው ውሸተኛ አልነበረም። መዝገቡ ተጣርቷል፤ ሰው ተባሯል፤ አጥር ታጥሯል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ማን ሳይቆጠር ቀረ?» የሚለው፣ ተገቢ ጥያቄ ነበር።

ነገር ግን ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እኛ ማንን ሳናነጋግር ቀረን?» የሚለው ነው። ይህን መጠየቅ ይከብዳል፤ ጥፋቱን በከፊል ወደ ራስ የሚመልስ ነውና። በታጁራ ወይም በኦቦክ የሚኖር አንድ አፋር በ1967 ምን ያይ እንደ ነበር እናስብ። ሶማሊያ በ1960 ነፃ ስትወጣ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ ጫፍ የእርሱ አገር ነው። የመቅዲሾ ሬዲዮም ይህንኑ ይነግረዋል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ መንግሥት ጅቡቲ የእኔ አካል ናት ይላል። ታዲያ ይህ ሰው «እምቢ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የታየው የራሱ ነፃነት ሳይሆን ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው መተላለፍ ነበር። የነፃነት ፓርቲዎቹ በመጋላ በጣም ተደማጭ የሆኑት በሶማሌነት ስሜት ሲናገሩ ነበር፤ በሰሜን በኩል ያለውን መራጭ ያራቀባቸውም ይኸው ንግግር ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ፍጹም ንጹሕ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ግማሽ አገር ይዞ መላውን አገር ነፃ ማውጣት አስቸጋሪ ይሆን ነበር።

መራጩ ሲለወጥ

ከ1967 በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። በዚያው ዓመት በሰኔ የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ እስከ 1975 ሳይከፈት ቆየ። በመርከብ የሚኖር ከተማ መርከብ አጣ። ሥራ አጡ በዛ። አስተዳደሩ በወደቡ የሶማሌውን ሠራተኛ ለመተካት አፋሮችን ከገጠር ያመጣ ስለ ነበር፣ አፋሩም በብዛት የከተማ ሰው ሆነ፤ አርሂባ የሚባለውም ሰፈር ለእነዚህ ሠራተኞች የተሠራ ነው። አስተዳደሩ ይህን ያደረገው የመጋላን ኃይል ለማመጣጠን ነበር። ውጤቱ ግን ያልታሰበ ሆነ። በአርሂባ የሚኖረው አፋርና በካርቲየ 2 የሚኖረው ሶማሌ አንድ ወደብ ላይ ሥራ ፈልገው አብረው ቆሙ፤ አንድ ዓይነት የኑሮ ውድነት ቀመሱ። በጎሣ ብቻ ሲቆጠር የነበረው መራጭ በከተሜነቱና በችግሩም የሚመሳሰል ሆነ። የአፋር ወጣቶችም ዓሊ ዓሬፍ ይወክለናል ብለው ማመኑን እየተዉ ሄዱ።

ይህን ለውጥ ካስተዋሉት መካከል ሁለት ሰዎች ይጠቀሳሉ። አንደኛው ሐሰን ጉሌድ ነው፤ በ1958 እሺ በሉ ብሎ ሐርቢን ያሸነፈው ያው ሰው። ሁለተኛው ከኦቦክ ወገን የሆነው አፋሩ አሕመድ ዲኒ ነው። በ1959 ጉሌድ ወደ ፓሪስ ሸንጎ ሲሄድ ወንበሩን የተረከበው ዲኒ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ1972 ኃይላቸውን አስተባብረው የአፍሪካ ሕዝባዊ ሊግ የሚባለውን ፓርቲ መሠረቱ። በስሙ ውስጥ ሶማሌ የሚል ወይም አፋር የሚል ቃል እንደሌለ አንባቢው ይመልከት። በ1975 ደግሞ «ለነፃነት» የሚል ቃል ጨመሩበት።

መልካም ስም ብቻውን ምርጫ አያሸንፍም። በኅዳር 1973 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ የዓሊ ዓሬፍ ወገን 40ውንም መቀመጫ ወሰደ፤ ተቃዋሚው አንድም አላገኘም። ሊጉ ግን በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ መሥራቱን አላቋረጠም። ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ ወረቀት የተነፈገው ሰው ወረቀቱን ያግኝ፣ የዜግነቱ ሕግ ይለወጥ፣ አጥሩም ይነሣ ብሎ ጠየቀ። ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ የነፃነትን ትርጉም ለወጠው፤ ነፃነት ማለት ከመቅዲሾም ከአዲስ አበባም ጋር መቀላቀል ሳይሆን፣ አፋርም ኢሳም ዐረብም በእኩልነት የሚኖሩበት የራስ መንግሥት ማለት ነው አለ። ይህ ንግግር በመጋላ ይሰማል፤ በታጁራም ይሰማል።

ከውጭው ዓለም አንድ ማነጻጸሪያ ብንወስድ፣ የምዕራብ ጀርመን ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ በ1953ና በ1957 በአዴናወር ፓርቲ በተከታታይ ተሸነፈ። በ1959 በባድ ጎደስበርግ ከተማ ጉባኤ አድርጎ የሠራተኛ መደብ ፓርቲ ብቻ መሆኑን ትቶ የሕዝብ ሁሉ ፓርቲ ነኝ አለ፤ በ1969 መሪው ቪሊ ብራንት የአገሪቱ መሪ ሆነ። መራጩ ከፋብሪካ ወደ ጽሕፈት ቤት እየተዛወረ መሆኑን ተረድቶ ነበርና ነው። በጅቡቲ የተደረገው ይህን ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጀርመናዊው ፓርቲ መራጩን ማሳመን ብቻ ነበር የቀረው። የጅቡቲው ፓርቲ ግን አስቀድሞ መራጩ መራጭ መሆኑን ማስመስከር ነበረበት።

መዝገቡ ሲከፈት፤ 1976–1977

በ1975 መጨረሻ ፈረንሳይ ግዛቲቱን ወደ ነፃነት ለማድረስ ዝግጁ መሆኗን ገለጸች። ዓሊ ዓሬፍም ሳይቀር ፓርቲውን ብሔራዊ ኅብረት ለነፃነት ብሎ ሰየመ። ይህ በታሪክ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው፤ የተሸናፊው ቃል የአሸናፊው ቃል ሲሆን ነገሩ እንደ ተለወጠ ይታወቃል። ዓሬፍ በሐምሌ 1976 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ አብደላ ሙሐመድ ካሚል ተተካ።

ሐምሌ 19 ቀን 1976 የዜግነቱ ሕግ ተሻሻለ። በግዛቲቱ ተወልደው የኖሩ ብዙ ሰዎች የዜግነት መብታቸውን ማስረዳት ቀለላቸው፤ ከእነዚህም የሚበዙት ሶማሌዎች ነበሩ። በ1967 ወደ 39 ሺህ የነበረው የመራጭ ቁጥር በ1977 ከ100 ሺህ በላይ ሆነ። ይህ በወሊድ ብቻ የመጣ ጭማሪ አይደለም። ትናንትም በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ቤት ይኖር የነበረ ሰው ዛሬ በመዝገብ ስለ ተጻፈ የመጣ ነው።

ግንቦት 8 ቀን 1977 ሕዝበ ውሳኔና የምክር ቤት ምርጫ በአንድ ቀን ተካሄዱ። ድምፁን ከሰጠው ሕዝብ ነፃነትን ያልመረጠው ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም። ለምክር ቤቱ የቀረበው አንድ የጋራ ዝርዝር ሲሆን፣ ከ65ቱ መቀመጫ 33ቱ ለሶማሌዎች፣ 30ው ለአፋሮች፣ 2ቱ ለዐረቦች ተደለደለ። ሰኔ 27 ቀን 1977 ጅቡቲ ነፃ ወጣች፤ ሐሰን ጉሌድ ፕሬዚዳንት፣ አሕመድ ዲኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሐርቢ በ1958 ያነሣውን ዓላማ ከፍጻሜ ያደረሰው በዚያን ጊዜ ያሸነፈው ተቀናቃኙ መሆኑ የታሪክ አስገራሚ ነገር ነው።

ከድሉ ጎን ግን አንድ ጥላ ነበር። የዓሬፍ ወገንና ከአፋር ወጣቶች አንዱ ንቅናቄ በምርጫው አንሳተፍም ብለው ስለ ነበር፣ ከተመዘገበው መራጭ አንድ አራተኛ የሚጠጋው ድምፅ አልሰጠም።

ድል የሚያስረሳው

ተሸናፊ የሚጠይቃቸውን ሁለቱን ጥያቄዎች አሸናፊም ሊጠይቃቸው ይገባ ነበር። በታኅሣሥ 1977፣ ነፃነት ገና ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ዲኒና ሌሎች አፋር ሚኒስትሮች ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1979 ሊጉ ፈርሶ ሕዝባዊ ስብስብ ለእድገት በሚባል ፓርቲ ተተካ፤ በ1981 ይህ ፓርቲ በሕግ ብቸኛው ፓርቲ ሆነ። አብሮ የመጣው ወገን ተገፍቻለሁ አለ። በ1991 በሰሜን የአፋሮች የትጥቅ ትግል ተጀመረ፤ ኋላም አሕመድ ዲኒ ራሱ መሪው ሆነ። ሰላም ወርዶ ዲኒ ወደ ምርጫ በተመለሰበት በ2003 የእርሱ ኅብረት ከሦስት አንድ የሚበልጥ ድምፅ አገኘ፤ ይሁን እንጂ የምርጫው ሕግ በየአውራጃው አብላጫ ያገኘ ዝርዝር ሁሉንም መቀመጫ እንዲወስድ ያደርግ ስለ ነበር አንድም ወንበር አልደረሰውም። ዲኒ በ2004፣ ጉሌድ በ2006 አረፉ።

ከዚህ የምንረዳው ይህን ነው። ፓርቲ ከሽንፈት የሚነሣው መዝገቡ እንዲስተካከል ሲታገልና ራሱም ከለመደው ሰፈር ወጥቶ ሌላውን ሲያነጋግር ነው። አንዱን ብቻ የያዘ እንደ 1967ቱ ይቀራል። ሁለቱን ይዞ ያሸነፈ ደግሞ ከድሉ በኋላ ሁለተኛውን ከተወው፣ በእጁ የቀረው መንግሥት እንጂ የሰበሰበው ሕዝብ አይሆንም። በካርቲየ 2 የሚኖረው ሰው ስሙ በመዝገብ እንዲጻፍለት ሃያ ዓመት ጠብቋል፤ በታጁራ የሚኖረውም ቃሉ እንዲሰማለት እንደዚያው። የአንዱ ድል በሌላው ዝምታ ላይ ሲቆም ዕድሜው እንደሚያጥር ከዚህ ታሪክ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ አይገኝም።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በ1958፣ በ1967ና በ1977 የነበረውን የመራጭ ቁጥር በሰንጠረዥ አስፍሩ። ጭማሪው በሕዝብ ብዛት ብቻ ሊገለጽ ይችላልን?

2. በ1967 አንድ የወደብ ሠራተኛ በካርቲየ 2፣ አንድ አርብቶ አደር በታጁራ ድምፅ ሲሰጡ እያንዳንዳቸው የሚፈሩትና የሚመኙት ምን ነበር? ሁለት ተማሪዎች በሁለቱ ስም ይከራከሩ።

3. ሐሰን ጉሌድ ከ1958 እስከ 1977 አቋሙን ለወጠ። ይህ ወላዋይነት ነው ወይስ ከሁኔታ መማር? ምክንያታችሁን አስረዱ።

4. የጀርመኑን ፓርቲና የጅቡቲውን ሊግ አነጻጽሩ። በምን ይመሳሰላሉ፣ በምንስ ይለያያሉ?